የሸኪብ ጓንት

ሸኪብ የአልቢው እግር ኳስ ቡድን በረኛ ነው። ጉልበቱን ቀዶ ሕክምና ካደረገ ወዲህ ሐኪሙ እንዲጫወት ገና አልፈቀደለትም፤ ዛሬ የመጣው ጓደኞቹን ሊያበረታታ ነበር። ቡድኑ በዛሬው ጨዋታ ከተሸነፈ ከምድቡ ይወርዳል።

በእሱ ቦታ ሲጫወት የቆየው ሰላምሰገድ ገና ሲያየው ጓንቱን አውልቆ ዘረጋለት።

«እንኳን ማረህ! እንካ፣ ቦታው ያንተ ነው።»

«ኧረ ተው፣ አንተ ግባ።»

«አፈር ስሆን!»

አሰልጣኙ ማስረሻ ለዛሬ ሰላምሰገድን ይመርጥ ነበር፤ ግን የቀድሞውን በረኛ ተቀመጥ ማለት አሳፈረው።

«በል ግባ» አለው።

ሸኪብም ይህን ሁሉ ክብር መግፋት ከብዶት ገባ።

ከእረፍት በፊት ለአንድ ኳስ ዘሎ ሲያርፍ ጉልበቱ ከዳው። ማስረሻ ሮጦ ደረሰ።

«አልዳንኩም አትለኝም?»

«እየለመናችሁኝ እንዴት ብዬ እምቢ ልበል?»

ሰላምሰገድ ጎንበስ ብሎ ጓንቱን ከሸኪብ እጅ ላይ አወለቀ፤ ቀና ብሎ ግን ሊያየው አልቻለም።