የአማቼ ቬንትሌተር

እኔ መዝገቡ ሽሮ ሜዳ ጋቢ ስሸጥ ሠላሳ ዓመቴ ነው፤ ታክሲ ውስጥ መስኮት የከፈተ ሰው አንድም ቀን በዝምታ አልፌ አላውቅም። ንፋስ ይገላል! ታዲያ ከእንጦጦ ሥር፣ ሰው በሁለት ብርድ ልብስ በሚተኛበት ሰፈር፣ አማቼ ቶለሳ ምን ይዞ ቢመጣ ጥሩ ነው? ቬንትሌተር!

መተሐራ ነው ያደገው። «አባባ፣ ድምፁን ካልሰማሁ እንቅልፍ አይወስደኝም» ይላል። ልጄ ሄርሜላም ያንን እያስነፈሰች፣ እስከ አፍንጫዋ ተከናንባ ትተኛለች። ጉድ እኮ ነው!

በሦስተኛው ሳምንት አንገቴ አልዞር አለኝ። አላልኩም? ከጎኔ ካለው ክፍላቸው ግድግዳውን አልፎ መታኝ! በንዴት «ከዚህ ቤት ወይ ቬንትሌተሩ ይወጣል ወይ እናንተ!» አልኩ።

በነጋታው ሄርሜላ «አባዬ፣ የሚከራይ ቤት አግኝተናል፤ ቅዳሜ እንወጣለን» አለችኝ። ክው አልኩ። እናቷ ካረፈች ወዲህ ያለችኝ እሷ ብቻ ናት። ግን እልኸኛ ነኝ፤ «መልካም» ብዬ ወጣሁ።

አርብ አንገቴን ይዤ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ነርሷ ጀዊሪያ የምትባል ሳቂታ ልጅ ናት። ቬንትሌተሩን ከሰስኩላት።

«አባባ፣ ንፋስ ግድግዳ አያልፍም» አለችኝ። «ሌሊቱን ሙሉ ፊት ላይ ከነፈሰ ጉሮሮና አፍንጫ ያደርቃል፤ አቧራ ካለበትም ያስነጥሳል። ጠርጎ፣ ዞር አድርጎ ማብራት ነው። ይልቅ እርስዎ እንዴት ነው የሚተኙት?»

«እ... ማለቴ... ተቀምጬ። ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጥፌ።»

«ለምን?»

«አጥፍተውት እንደሆነ ልሰማ ነዋ!»

«እስከ ስንት ሰዓት?»

«እንቅልፍ እስኪጥለኝ።»

«ታዲያ አንገትዎ ቢያዝ ምን ይገርማል!» ብላ ሳቋን ለቀቀችው። አፈርኩ።

ቤት ስገባ ሻንጣዎቹ በር ላይ ተደርድረዋል፤ ቬንትሌተሩም ካርቶን ውስጥ ታስሯል። ገመዱን ፈታሁት። ቶለሳ «አባባ፣ ምን ሆኑ?» እያለ ቆሞ ያያል። የክንፎቹን አቧራ በገዛ ጋቢዬ ጫፍ ጠረግኩ፤ ይኼ ለጋቢ ነጋዴ ቀላል ነገር አይደለም። ክፍላቸው ገብቼ ፊቱን ከአልጋው ዞር አድርጌ ሰካሁት።

«አባዬ፣ ንፋስ ይገላል አላልክም?» አለች ሄርሜላ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ።

«ይገላል! አንቺ የሌለሽበት ቤት ግን ይብሳል» አልኳት።

ያን ማታ አልጋዬ ላይ በወጉ ተጋደምኩ። ቬንትሌተሩ ከግድግዳው ማዶ እዝዝ ይላል። ልጄ እዚያ አለች፤ ጆሮ መለጠፍ አላስፈለገኝም።