የሌሉት መቶ አርባ ገበሬዎች

አስፋው ስክሪኑን ከመውደዱ የተነሳ ጠዋት ቢሮ ሲገባ ከሰው በፊት እሱን ነበር የሚያየው። መካነ ሰላም ላይ የገበሬዎች ዩኒየን ኃላፊ ሆኖ ሲሾም የቢሮው ጣሪያ ያፈስ ነበር፤ ጣሪያው አሁንም ያፈሳል፣ ከሥሩ ግን ዳሽቦርድ የሚሉት የቁጥር ስክሪን ተሰቅሏል። ከቀበሌ ምዝገባው፣ ከመጋዘኑና ከሽያጩ በየማለዳው ሦስት ፋይል ይገባል፤ ሲስተሙ ያንን አስልቶ ለየትኛው ቀበሌ ስንት ኩንታል ዘር እንደሚሄድ ይናገራል። የገባው ዳታ ሙሉ መሆኑን የምትከታተለው እፀገነት ናት። ይባላል እንጂ፣ እውነቱን ለመናገር ሥራዋ የስክሪኑ መብራት አረንጓዴ መሆኑን ለአስፋው መንገር ነበር።

መስከረም ሁለት ቀን መምሬ ይሄነው ከጉልት አምባ መጡ፣ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ሆነው።

"አንች ልጄ፣ የሽምብራ ዘር ነገ ለሁሉም ሲጫን ለእኛ የለም ተባልን። ዋልካው እርጥበቱ ሳያልቅ ካልዘራን ዓመቱን ምን እንበላለን?"

እፀገነት ሲስተሙን ከፍታ አየች። ጉልት አምባ፦ ጥያቄ ዜሮ።

"መቼ ነው የተመዘገባችሁት፣ መምሬ?"

"በሩፋኤል፣ ጳጉሜ ሦስት። ጠበል ያልመጣ ሰው የለም፣ በሌላ ቀን ማን ይገኛል? የቀበሌው ሠራተኛ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ቁጭ ብሎ መቶ አርባችንንም መዘገበን።" የመዝገቡን ግልባጭ ከነጠላቸው ሥር አወጡ።

እፀገነት ክው አለች። ሲስተሙ ከባሕር ማዶ የመጣ ነው፤ ዓመት አሥራ ሁለት ወር ብቻ ይመስለዋል። አሥራ ሦስተኛ ወር የተጻፈበትን መስመር ሁሉ ከደጅ መልሶታል። ፋይሉ ራሱ ስለደረሰ መብራቱ አረንጓዴ በራ። ከታች በደቃቅ ጽሑፍ "140 መስመሮች አልገቡም" ይል ነበር፤ ጳጉሜ አራት ቀን አይታዋለች። አይታም ዘጋችው። ከዞን እንግዳ ይመጣ ነበር፣ አስፋው ደግሞ በእንግዳ ፊት እንከን አይወድም። አሁን በራሷ አፈረች።

ገብታ ነገረችው።

"ታዲያ እንደገና ይመዝገቡ" አለ አስፋው፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል። "ኮሚቴው ጥቅምት ላይ ያየዋል።"

"በጥቅምት መሬቱ ይደርቃል እኮ፣ አቶ አስፋው።"

"ሲስተም ውስጥ የሌለ ሰው ዘር አይወስድም። ዳታ አይዋሽም።"

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ማለት ይኸው ነው። ለነገሩ ጳጉሜን መርሳት ሲስተሙ አልጀመረውም፤ ደሞዝ ከፋዩም ከጥንት ጀምሮ አያውቃትም።

እፀገነት የመምሬን ግልባጭ ማኅተም መታችበትና ለመጋዘኑ ሠራተኛ ለአሻግሬ ወሰደችለት። አሻግሬ ዳሽቦርድ አያውቅም፣ ማኅተም ግን ያውቃል። በማግሥቱ ከመጠባበቂያው ሰባ ኩንታል ተጭኖ ጉልት አምባ ገባ።

በበነጋው የመጋዘኑ ፋይል ሲገባ ሲስተሙ ጮኸ፦ ሰባ ኩንታል ማንም ሳይጠይቀው ወጥቷል። አስፋው ጥቅምት ላይ ኮሚቴ ሰበሰበ፣ እፀገነትንም እመሐል አቁሞ ዘሩን የት እንዳደረሰችው ጠየቃት። ነገረችው። አላመነም፤ ሰው ተላከ። የተላከው ሰው ሲመለስ ሽምብራው በቅሎ መሬቱን አልብሶታል ብሎ መሰከረ።

አስፋው ስክሪኑን አየ፤ ጉልት አምባ አሁንም ዜሮ ነው። ከዚያ እፀገነትን ከሥራ አገዳት፣ ቃለ ጉባኤውም ላይ እንዲህ አስጻፈ፦ "ገበሬ በሌለበት ቀበሌ ባለቤቱ ያልታወቀ ሽምብራ በቅሎ ስለተገኘ፣ ጉዳዩ እንዲጣራ።"