ለማዶው ድምፅ የተሰጠ መልስ

1.
ዝም። ሦስት ደቂቃ። ማሳል፣ ማዛጋት፣ «እሰይ» ማለት ክልክል ነው። ሰው ከተናገረ ሙከራው ይሰረዛል።

2.
አዲስ የወፍ ዝርያ አሠራር፦
ሀ. አንዱን የወፍ ዘር በገደል ለሁለት ክፈል።
ለ. መጠያየቅ ያቁሙ።
ሐ. ሁሉም በየፊናው ዘፈኑን ያጣምም።
መ. ብዙ ሺህ ዓመት ጠብቅ። (ሥራ ካለህ ሂድና ተመለስ።)
ሠ. የማዶውን ዘፈን ቀድተህ ለወዲህኛው አሰማው። ተቆጥቶ ከመጣ፣ ገና ዘመድ ናቸው። ዞር ብሎ ሳያይ ጥሬውን ከለቀመ፣ እንኳን ደስ ያለህ፤ ሁለት ሆነዋል።

3.
ዶክትሬቴ የቆመው በወፍ ንቀት ላይ ነው። ሃያ ዘጠኝ ጊዜ ተንቄአለሁ። አማካሪዬ «ሠላሳ» ብለዋል። ክረምቱ ደርሷል፤ ከዛሬ በኋላ መንገድ የለም።

4.
መንገድ መሪዬ ጋሽ ወንድይፍራው ናቸው። ከገደሉ ማዶ ወንድም አላቸው፣ ይርዳው የሚባል። ለእናታቸው ተዝካር ስላልመጣ ከተኳረፉ አሥራ አንድ ዓመታቸው።
— ለምን ቀረ?
— ወንዙ ሞላብኝ አለ።
— ሞልቶ ነበር እንዴ?
— ሞልቶ ነበር።
— ታዲያ?
— ታዲያማ ምን! ወፍሽን ጠብቂ።

5.
ቅጂ ቁጥር 30፣ ትናንት ማዶ የተቀዳ፣ ዛሬ ለወዲህኛው በድምፅ ማጉያ የሚሰማ።
0፡00 የማዶው ወፍ ይዘፍናል። የኛው ቁጥቋጦው ላይ ላባውን ያበጥራል።
1፡30 አሁንም ያበጥራል። (በሆዴ እልል።)
2፡41 የሰው ድምፅ፣ ከሩቅ፦ «ስሚ አንቺ ልጅ! ከተሻገርሽ፣ የወንድሜ ጉልበት እንዴት ሆነ ብለሽ ጠይቂልኝ!»

6.
የግርጌ ማስታወሻ፦ ስቀዳ እዚያው ቆሜ ነበር። አልሰማሁትም። ሦስት ዓመት ሙሉ ጆሮዬን ከወፍ በቀር ሌላ እንዳይሰማ ሳለማምደው ነበር። አንባቢ ሆይ፣ አትፍረድብኝ፤ ወይም ፍረድ፣ ግን ቀስ ብለህ።

7.
አሥራ ዘጠኝ ሰከንድ ቀርቷል። ጋሽ ወንድይፍራው ተነሡ። በዓይኔ ለመንኳቸው።

— ዝናብ ሲል ነው እንጂ ደህና ነኝ፣ ይርዳው! አሉ ለድምፅ ማጉያው።

ወፉ

በረረ።

8.
ቅጽ። ለማዶው ድምፅ መልስ፦

☐ አለ  ☐ የለም

9.
— አበላሸሁብሽ፣ ልጄ?
— አበላሹት፣ ጋሼ።
ድምፅ ማጉያውን እንደ በግ ደባበሱት።
— ይሄ ነገር… ከዚህ ወዲያም ያደርሳል?
የመቅጃዬን ቀይ ቁልፍ ተጫንኩ።
— ይናገሩ።

10.
ቅጂ ቁጥር 31፣ ለማዶ።
0፡00