የታዘለው ታንክ

መካኒኩ ባትሪውን አብርቶ በሞተር ሳይክሉ ነዳጅ ታንክ አፍ አጮለቀና፣ «ይሄንን ዝገት በልቶ ጨርሶታል፤ ጣይው» አላት። ልብስ ሰፊዋ ደሟ ፈላ። ሟች አባቷ ዕድሜ ልኩን የነዳው ሞተር ነው። ታንኩን ብብቷ ሥር ሸጉጣ ውልቅ አለች።

ቤቷ ገብታ ኮምጣጤ ጨመረችበት፤ እፍኝ ብሎን ከተተችበትና ቀዳዳውን ሁሉ በጎማ ወተፈች። ዝገቱ እንዲለቅ ታንኩ ቀኑን ሙሉ መናጥ አለበት፤ እሷ ደግሞ ለነገ የሚደርስ የሙሽራ ቀሚስ ይዛለች። ቢቸግራት ታንኩን በብርድ ልብስ ጠቅልላ አዘለችውና የስፌት መኪናዋን ትረግጥ ጀመር። በረገጠች ቁጥር ብሎኖቹ ጀርባዋ ላይ ይንኳኳሉ።

እናቷ ድንገት ገባችና በር ላይ ቀጥ አለች። «የማንን ልጅ ነው ያዘልሽው?»

«የአባዬን» አለች ልጅ፣ ዓይኗን ከመርፌው ሳታነሣ።

እናት ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። «ይሄ ሰውዬ ሞቶም አላረፈም?» ከዚያ ተነሥታ ብርድ ልብሱን ገለጥ አደረገችና እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች።

በማግስቱ ጭቃ የመሰለ ዝገት እየተግተለተለ ወጣ። በሶዳ አጥባ ፀሐይ ላይ ስታደርቀው ውስጡ እንደ አዲስ ድስት አበራ። ታንኩን ደጅ የቆመው ሞተር ላይ ገጥማ፣ ነዳጅ ሞልታ ሞተሩን ብትረግጠው አንዴ አስነጠሰና ተነሣ። ሰፈሩን አናወጠው።

እናቷ ከኋላ ጉብ አለችና የልጇን ወገብ ጥብቅ አድርጋ ያዘች። «በይ አሁን ደግሞ እኔን እዘይኝ» አለቻት። «በመካኒኩ በር በኩል አድርጊው። ቀስ ብለሽ።»