የተሸናፊዎቹን ሻንጣ መሸከም

ፍኖተ ሰላም ውስጥ ያለ የአንድ ኮሌጅ የሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድን ሲያሸንፍ አይጨፍርም። የተሸናፊዎቹን ሻንጣ ተሸክሞ እስከ መኪናቸው ይሸኛቸዋል። ነገሩ የተጀመረው በአምበሏ በሰብሊ ነው።

ያን ቀን ከቡሬ የመጡት ልጆች በአንድ ነጥብ እየመሩ ጨዋታው ሊያልቅ ደርሶ ነበር። ሰብሊና የቡሬዋ ሜላት ሲናጠቁ ኳሱ የሰብሊን ጣት ነክቶ ከመስመር ወጣ። ዳኛው ግን ለሰብሊ ቡድን ሰጠ። ሜላት ቀና ብላ አየቻት። ሰብሊ ልትናገር አፏን ከፈተች፤ ተመልካቹ ሁሉ ስሟን ይጠራ ነበር። ኳሱን ተቀብላ ወረወረችው። ገባ።

ሜዳው ቀለጠ። ጓደኞቿ በትከሻቸው አነሷት። ከላይ ሆና ስታይ የቡሬ ልጆች ከሜዳው ዳር ሣሩ ላይ ቁጭ ብለው ጫማ ይቀይራሉ፤ አንዷ ታለቅሳለች። ሰብሊ ፊቷ ነደደ።

"አውርዱኝ!" አለች። "አውርዱኝ አልኩ እኮ!"

ወርዳ በቀጥታ ወደ ሜላት ሄደችና ሻንጣዋን አንስታ ተሸከመች። ጓደኞቿ ግራ ቢገባቸውም አምበላቸው ናትና የቀሩትን ሻንጣዎች እያነሱ ተከተሏት።

ሚኒባሱ ዘንድ ሲደርሱ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "ኳሱ እኔን ነክቶ ነው የወጣ" አለች።

"አውቃለሁ" አለች ሜላት።

"ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?"

"አንቺ ትናገሪያለሽ ብዬ ነዋ።"

"አሁን ሄጄ ልንገራቸው?"

"እንደ ልብሽ" ብላ ሜላት ገባች። ሚኒባሱ ሄደ። ሰብሊ ለማንም አልነገረችም።

ሰኞ ዕለት ዲኑ አቶ ስመኘው ተማሪውን ሰብስበው፣ "እንግዳ አክባሪነት ማለት ይህ ነው! ከእንግዲህ ባሸነፍን ቁጥር እንዲሁ እናደርጋለን" ብለው አስጨበጨቡላት። ሰብሊ ተነሽ ተባለች። ቆመች። ያን ቀን ያጫወተው ዳኛም የኮሌጁ ሠራተኛ ነበርና እዚያው ተቀምጦ ያጨበጭባል። ምላሷ ላይ የደረሰውን ዋጠችና፣ "እግዚአብሔር ይስጥልኝ" ብላ ተቀመጠች።

ልማዱ ጸና። ዘንድሮ የደንበጫ ልጆችን አሸንፈው ሻንጣ ተሸክመው ሲሄዱ አዲሷ ተጫዋች ሕሊና ተጠጋቻት።

"ሰብሊ፣ አንቺ ነሽ አሉ የጀመርሽው። ትርጉሙ ምንድን ነው?"

ሌሎቹም ሊሰሙ ዞር አሉ።

"ለእናንተ እንግዳ ማክበር ነው" አለች ሰብሊ። "ለእኔ ግን ቅጣቴ ነው።"

የቀለደች መስሏቸው ሳቁ። እሷም አብራ ልትስቅ ሞከረች፤ አልሆነላትም። ፊቷን እንዳያዩባት ከኋላ ቀረት አለች።