ቀዛፊ ወዴት ያያል

ሹባኤል ዳው ልጄን ቃስያን ላግባ ብሎ ሲጠይቅ እኔ በሆዴ የያዝኩት አንድ ነገር ነበር፦ ይህ ሰው ወንድሟን በልቶታል።

በግልጽ የነገረኝ የለም። በደሴታችን በናንተኬት እንዲህ ያለ ነገር አፍ አውጥቶ የሚናገር ሰው አይገኝም፤ እኔ ሳልፍ ዝም ይላሉ እንጂ። መርከቧ ደቡብ ባሕር ላይ ከድንጋይ ተላትማ ስትሰበር ስድስት ሰዎች በአንዲት የዓሣ ነባሪ ማደኛ ጀልባ ወጡ። በሃምሳ ሰባተኛው ቀን ሌላ መርከብ ሲያገኛት ውስጧ የነበረው አንድ ሰው ነው። ያ አንድ ሰው ደግሞ የደሴታችን ልጅ እንኳ አይደለም። ላም ሲያልብ ያደገ የዋናው ምድር ሰው ነው። ጥርስ ሳያወጡ ባሕር የለመዱት የኛ ልጆች ሞተው እሱ ይተርፋል? እስቲ ይህ ለማን ይዋጥለታል?

የመጣ ጊዜ ቤቴ ድረስ መጥቶ ነገረኝ፤ አልክድም። የጀልባዋ አለቃ ጌድዮን መርከቧ ስትሰበር ደረቱን ተመትቶ ነበርና በዘጠነኛው ቀን ሞተ። ከዚያ ሁለት የውጭ ሰዎች፣ ከዚያ የጎረቤቴ ልጅ ፋሌቅ፣ በሃምሳ አንደኛው ቀን ደግሞ የኔ ልጅ ዘነስ። ባሕር ውስጥ ቀበርኩት አለኝ። በሌላ ቀን ደግሜ ጠየቅኩት፤ ያንኑ ነገረኝ። በወሩ ሦስተኛ ጠየቅኩት፤ ቃል ሳይጨምር ቃል ሳይቀንስ ያንኑ። እውነት የሚናገር ሰው አንዱን ይረሳል፣ አንዱን ያስታውሳል። እሱ ግን እንደተማሪ ሸምድዶ ይዞታል። በዚያ ላይ ዐይኑን ከወለሉ አያነሣም። ነገሩ ነገር እንዳለው ያኔ ገባኝ።

እኛ የወዳጆች ማኅበር የሚባለው ሃይማኖት ሰዎች ለማንም አንቱ አንልም፤ ለዳኛውም ለድኻውም አንተ ነው። ያም ሆኖ ከእሱ አፍ «አንቺ ጣቢታ» የሚለው ሲወጣ አንጀቴ ቅጥል ይል ነበር። እሱ እቴ ምን ገዶት! ገመድ መግመጃው ቤት ሥራ ያዘና እዚሁ ቀረ። ቃስያ ስለ ወንድሟ ልትጠይቀው ትሄዳለች፣ ይነግራታል፤ ትሄዳለች፣ ይነግራታል፤ በመጨረሻ የምትሄደው ስለ ወንድሟ መሆኑ ቀረ። ዐይኔ እያየ ነው ልጄን የወሰዳት።

በማኅበራችን ሊጋቡ የሚፈልጉ ሁለት ሰዎች በወሩ ጉባኤ ፊት ይቆማሉ። ቅሬታ ያለው ይናገራል፤ የወላጅ ቃል ከሌለ ሠርግ የለም። ባሌን ባሕር ከበላው አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፤ ስለዚህ ቃሉ የኔ ብቻ ነው። ተነሥቼ ልከለክል፣ ለምን እንደምከለክልም በሰው ፊት ልናገር ቆርጬ ነበር። ቃስያ ሐሳቤን ስታውቅ አላለቀሰችም። ከከለከልሽኝ ማኅበሩንም ደሴቱንም ትቼ አብሬው ወደ ዋናው ምድር እሄዳለሁ አለችኝ። የቀረችኝ ልጅ እሷ ብቻ ናት። ወይ አጣታለሁ፣ ወይ የወንድሟን ሥጋ ለበላ ሰው እሰጣታለሁ። ይህን ይዤ ነው ስንት ሳምንት የከረምኩት።

ለጉባኤው አንድ ቀን ሲቀረው፣ ጧት፣ እንዲያው ስንነታረክ ቃስያ አንድ ነገር አመለጣት። «ሹባኤል እስከ መጨረሻው ፊቱን እያየሁ ነበር ብሎኛል። ዘነስ ብቻውን አልሞተም፣ እማዬ» አለችኝ።

የያዝኩትን ማንኪያ አስቀምጬ ቁጭ አልኩ።

የአባቴም የባሌም ሥራ ዓሣ ነባሪ ማደን ነበር፤ በዚያች ጀልባ ማን የት እንደሚቀመጥ ከመራመዴ በፊት አውቃለሁ። አምስት ሰው ይቀዝፋል፤ አምስቱም ጀርባቸውን ለሚሄዱበት ሰጥተው ፊታቸውን ወደ ኋላ፣ መሪውን ወደያዘው አለቃ ነው። ዞሮ ያየ ቀዛፊ ይመታል። ከሁሉም ፊት፣ ከጀልባዋ አፍንጫ ላይ የሚቀመጠው ጦር ወርዋሪው ነው፤ ዘነስ ደግሞ ጦር ወርዋሪ ነበር። ታዲያ ሹባኤል ተራ ቀዛፊ ከሆነ በየት በኩል ነው የልጄን ፊት ያየው? ያን ፊት ማየት የሚችለው ኋላ መሪውን የያዘ ብቻ ነው። የብስኩቱ ሣጥንና የውኃው በርሜል ያሉትም እዚያው፣ በመሪው እግር ሥር ነው። ያዝኩህ አልኩ በልቤ። አለቃው ሲሞት ቦታውን የወሰድከው አንተ ነህ። ምግቡን የያዝከው፣ ማን ይኑር ማን ይሙት ያልከው አንተ ነህ።

ሹባኤል ቀን ላይ ሲመጣ በአጥሩ ላይ የሰቀልኩትን ዓሣ ፀሐይ እንዲመታው እየገለበጥኩ ነበር። ሳልጠይቀው ከወዲያ ጫፍ ሆኖ ይገለብጥልኝ ጀመር። ዐይን ዐይኑን እያየሁ የደረስኩበትን ሁሉ ነገርኩት። እጁ ዓሣው ላይ እንደሆነ ቀረ።

«በልተኸዋል?» አልኩት።

«አልበላሁትም» አለ። ቀስ ብሎ ነው የሚናገረው። «እንደሞተ ወዲያው ውኃ ውስጥ የጣልኩት ራሴን ፈርቼ ነው። እስከ ማታ ብቆይ እበላው ነበር። ይህን አልዋሽሽም።»

«ፊቱን እንዴት አየኸው ታዲያ?»

የያዘውን ዓሣ ገለበጠው። እኔም ጠበቅኩት፤ የማኅበራችን ጸሎት በዝምታ ነውና መጠበቅ ለምጃለሁ።

«ጣቢታ» አለኝ በመጨረሻ፣ «አለቃው ሲሞት መሪውን የሚይዘው ማነው?»

ጦር ወርዋሪው ነዋ! የደሴታችን ሕፃን እንኳ ያውቀዋል፤ ጦሩን ወርውሮ ወደ ኋላ ሄዶ መሪውን የሚቀበለው እሱ ነው። ጌድዮን በዘጠነኛው ቀን መሞቱን ሹባኤል ሦስት ጊዜ ነግሮኝ ነበር። እኔ የልጄን ስም እንጂ ሌላውን አልሰማሁም። ያን ሁሉ ቀን ኋላ የተቀመጠው፣ የሁሉንም ፊት እያየ፣ ቀዛፊዎቹም የእሱን ፊት እያዩ የተቀመጠው፣ ሣጥኑ እግሩ ሥር የነበረው ዘነስ ነው።

«ብስኩቱስ?» አልኩት።

እንዳልጠይቀው ለመነኝ። ጠየቅኩት። ያኔ ነው ዐይኑን ከመሬት ያነሣው።

«ለፋሌቅና ለራሱ አንድ አንድ፣ ለእኛ ለሦስታችን ግማሽ ግማሽ። ውኃውም እንደዚያው። ‹የኛ ልጆች መጀመሪያ› አለ። በክፋት አልነበረም ጣቢታ። ሌላ ዓይነት አከፋፈል ያለ አይመስለውም ነበር።»

ይህን አነጋገር ከኔ ወዲያ የሚያውቀው የለም። ከኔ ማዕድ ነው የሄደው። የውጭ ሰው በሬን ሲያንኳኳ የተረፈውን በጓሮ በኩል የምሰጠው፣ ልጆቼን በምግብ ሰዓት የኛን መጀመሪያ እያልኩ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። ሌላ ማን ያስተምረዋል? ልጄን በላው ብዬ የጠረጠርኩት ሰው በልጄ እጅ ሲራብ ኖሯል። ያኔ ያመመኝን ሕመም ለማንም አልመኝም።

የሞቱትን የሁለቱን የውጭ ሰዎች ስም ጠየቅኩት። አንዱ አማሮ፣ ከአዞረስ ደሴቶች፤ አንዱ ሉተር ፊንች፣ የወፍጮ ቤት ልጅ። አማሮ በሃያ ስድስተኛው ቀን፣ ሉተር በሠላሳኛው። ፋሌቅ የሞተው ትኩሳት ይዞት ነው። ከዚያ እሱና ዘነስ ብቻ ሲቀሩ ዘነስ ብስኩቱን እኩል ሰብሮ ለሹባኤል ሰጠው፤ እስኪሞት ድረስም እንደዚያው አደረገ። ለእህትና ለእናት ልነግር የፈለግሁት ይህችን ብቻ ነበር አለኝ። ስለዚህ የቀረውን ላለመንካት ሌላውን ቃል በቃል ሸምድዶ ያዘ።

ከዚህ በኋላ ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም ነበር። እሱም እንዲያውም ዝም እንድል ፈልጎ ነበር፤ የሞተ አይከሰስም ብሎ ተማጸነኝ። ማታውን ሁሉ ዝም ልበል ብዬ ነበር፤ አልዋሽም።

በማግሥቱ ጉባኤው ላይ ሁለቱ ቆሙ። ጸሐፊው ጣቢታ ቃልሽ ምንድነው አለኝ። ቤቱ ሙሉ ነው፤ ሁሉም የሚጠብቀውን አውቃለሁ። የፋሌቅ እናት ከጎኔ ናት። ተነሣሁ።

«ልጄ ዘነስ በጀልባው ላይ ለደሴታችን ልጆች ሙሉ፣ ለውጭ ሰዎች ግማሽ ምግብ ሰጥቷል» አልኩ። «አማሮ የሚባል ሰውና ሉተር ፊንች የሚባል ሰው በዚህ ሞተዋል። ሹባኤል ዳው የተረፈው ሦስተኛው ነው። እኔ በእሱ ላይ ቅሬታ የለኝም። እሱ በቤቴ ላይ ቅሬታ ካለው ይናገር።»

ጸሐፊው ሹባኤልን አየው። ሹባኤል «የለኝም» አለ። የፋሌቅ እናት ቀሚሷን ሰብስባ ከአጠገቤ ተነሥታ ሌላ ወንበር ላይ ሄዳ ተቀመጠች።

ቃስያ ግን ወረቀት መስላ እዚያው ቆማለች። ለወንድሟ ሁለት ዓመት ሙሉ ያለቀሰችው ልቅሶ ምን እንደሚሆን እኔ አላውቅም፣ እሷም አታውቅም። ወደ እኔ አላየችም። ጉባኤው ሲያበቃ ከሹባኤል ጋር ወጣች፤ እኔ ከኋላቸው እየተከተልኩ ወደ ቤት ሄድኩ።