የሐጂ ሙሐመድጣሂር ያለቀ ቤት

ሙሐመድጣሂር ጃፓን የሄደው ቤት ሊያይ አልነበረም፤ ስለ አሸዋ ሊወቀስ ነበር። ከመተማ በተላከ ሰሊጥ ውስጥ አሸዋ ተገኘ። ገዥው ድርጅት አልተቆጣም። ሁለት ሰው መርጦ የአውሮፕላን ትኬት ላከ። ይህ ከቁጣ የባሰ የሚያስፈራ ነገር ነው።

አንዱ ተመራጭ መተማ ዮሐንስ ላይ በሰሊጥ ንግድ የሸበተው ሙሐመድጣሂር ሆነ። ሁለተኛዋ ደግሞ የኮኪት ገበሬዎች ማኅበር የመጋዘን ኃላፊ ጥሩአየሁ ነበረች። በገበያ ተፎካካሪ ስለነበሩ ለዓመታት ሰላምታቸው ከአንገት በላይ ነበር። አሁን ግን አማርኛ የሚሰማ በሌለበት አገር ጎን ለጎን ተቀመጡ። የምታስተረጉምላቸው እዚያው የምትማር እየሩስ የምትባል የጎንደር ልጅ ነበረች።

የድርጅቱ ሰው ሞሪታ ይባላል፤ ጸጉሩ የሸበተ፣ ድምፁ የማይሰማ ሰው ነው። ሰሊጥ እንዴት እንደሚነፋና እንደሚታጠብ አሳያቸው። መጨረሻ ላይ ከሰሊጣቸው የወጣውን አሸዋ በትንሽ ብልቃጥ አድርጎ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው። ሁሉም አሸዋውን አዩት። ከዚያ ሻይ ቀረበ።

«ነገ እረፍት ነው» አለ ሞሪታ በእየሩስ በኩል። «የምወስዳችሁ ቦታ አለ።»

ሙሐመድጣሂር ገበያ መሰለው፤ ሚስቱ ሐሚዳ ሽቶ አዛዋለች። ሞሪታ ግን ወደ ቤተ ክርስቲያን ወሰዳቸው። የሰውየው ፍቅር ከቤት ጋር ነው። ሰሊጥ የሚነግደው ኑሮ ሆኖበት እንጂ፣ ዕረፍት ባገኘ ቁጥር ዘመናዊ ሕንፃ እየዞረ ያያል፤ እንግዳ ሲመጣለትም ይዞ ይዞራል።

ቤተ ክርስቲያኑ ከውጭ ሲያዩት መጋዘን ይመስላል። ጉልላት የለው፣ ቀለም የለው። ግድግዳው ጥሬ ኮንክሪት ነው፤ ሲሠራ ጣውላው የታሰረባቸው ቀዳዳዎች እንኳ በረድፍ በረድፍ እንዳሉ ናቸው። ጥሩአየሁ ነጠላዋን መስቀለኛ አጣፍታ በሩን ተሳለመች።

«ታቦቱ በየት በኩል ነው?»

«ታቦት የላቸውም» አለች እየሩስ።

«እና ምን አላቸው?»

እየሩስ ሞሪታን ጠየቀችው። «ብርሃን አለን ይላል።»

ጥሩአየሁ ራሷን ነቀነቀች። ብርሃን መብራት ከሆነማ ኮኪትም ገብቷል፤ አንዳንድ ቀን ይመጣል።

ሙሐመድጣሂር ውጭ ልቆይ ብሎ ነበር፤ ብርዱ አስገባው። ውስጡ ጨለም ያለ ነው። የፊት ለፊቱ ግድግዳ ወለሉን አልነካም፤ አንድ ክንድ ያህል ከፍ ብሎ ቆሟል። በዚያ ክፍተት ብርሃን ገብቶ እንደ ፈሰሰ ውኃ ወለሉ ላይ ተኝቷል። ሌላ ምንም ነገር የለም። ኋላ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠና ግድግዳውን ዳሰሰው። እንደ ሐር ይለሰልሳል።

«የሚለስኑት መቼ ነው?» አለ በሹክሹክታ።

«አይለሰንም እኮ፣ ሐጂ። አልቋል።»

«መቼ?»

«እኔ ሳልወለድ።»

«ሆን ብለው ነው?»

እየሩስ መጠየቅ አላስፈለጋትም። «ሆን ብለው ነው» አለችው።

ሙሐመድጣሂር ዕድሜውን ሙሉ ሰው ሀብታም መሆኑ የሚታወቀው በልስን ነው ብሎ የሚያምን ሰው ነው። ብርሃኑን አፍጥጦ ሲያይ ቆየ። ሞሪታ ሁለቴ ጠርቶት ነው የተነሣው።

ከዚያ ወዲያ ሽቶው ተረሳ። ሞሪታ በተመቸው ቁጥር ወሰዳቸው፤ መጽሐፍ ቤት፣ ቲያትር ቤት፣ አንድ ጊዜም ጥሩአየሁ እያማተበች የገባችበት መጸዳጃ ቤት፤ ግድግዳው ሁሉ ወደ ውስጥ የሚያሳይ መስታወት ነበርና። ሙሐመድጣሂርን ልቡን የነካው ግን ጠባብ ሰፈር ውስጥ ያለ የአንዲት አሮጊት መኖሪያ ነው። ቤቱ ረጅም ጠባብ ነው፣ እንደ ጫማ ካርቶን። መኝታው ከፊት፣ ማድ ቤቱ ከኋላ ሆኖ መካከሉ ጣራ የለውም። የዚያን ዕለት ያካፋ ነበር። አሮጊቷ ጃንጥላ ዘርግታ ከማድ ቤት ወደ እነሱ ሻይ ይዛላቸው ስትመጣ ሁሉም በአክብሮት ተነሡ።

«ጣራው በምን ምክንያት ወደቀ?» አለች ጥሩአየሁ።

«አልወደቀም። መጀመሪያም አልተሠራም» ብላ እየሩስ የአሮጊቷን መልስ አስተረጎመች።

«ልጆች የሏትም?»

አሮጊቷ ሳቀች። «ልጆቼ ጣራ እናልብስልሽ ሲሉኝ እንቢ አልኳቸው። ጣራ ከለበሰማ ዝናቡ የጎረቤት ይሆናል።»

ሙሐመድጣሂር ሻዩን ይዞ ወደ ላይ አንጋጠጠ። የመተማ ሰው በበጋ ቆርቆሮ ሥር አይተኛም፤ አንገረቡን፣ ያን በጠፍር የተጠለፈ አልጋ፣ አውጥቶ ግቢው ውስጥ ነው የሚያድረው። ቤት የሚሠራው ዕቃው እንዲተኛበት ነው። ይቺ ሴትዮ ግን ውጭውን እቤቷ አስገብታዋለች። እሱም መተማ ላይ የጀመረው ቤት አለው፤ ግድግዳው ገና አልቆመም።

በመጨረሻ በጀልባ ወደ አንዲት ደሴት ተሻገሩ። እዚያ ሙዚየም ነው ተብለው ጫማ አውልቀው ገቡ። ሙዚየሙ እንደ ግማሽ እንቁላል የተደፋ ነጭ ኮንክሪት ነው፤ አናቱ ላይ ሰማይ የሚታይበት ሰፊ ቀዳዳ አለው። ሥዕል የለም፣ ሐውልት የለም። ከወለሉ ጠብታ ውኃ ብቅ ይላል፣ ይንከባለላል፣ ከሌላ ጠብታ ጋር ይገናኛል፤ ይኸው ነው። ጫማ በወለቀበትና ጸጥታ ባለበት ቦታ ሙሐመድጣሂር ባዕድነት አይሰማውም፤ ቂብላው በየት በኩል እንደሚሆን በፀሐይዋ ገምቶ አረፍ አለ። ዞር ሲል ጥሩአየሁ መሬት ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች።

«ምን ሆንሽ?»

«ምንም የለም።»

«ምንም ከሌለ ምን ያስለቅስሻል?»

«እሱን እኮ ነው የምልዎት፣ ሐጂ። ምንም የለም። ከተወለድሁ ጀምሮ ምንም የሌለበት ቤት ገብቼ አላውቅም። አልጋዬ ሥር እንኳ ኩንታል ነው ያለው።»

ሙሐመድጣሂር አጠገቧ ተቀመጠ። ሁለቱም አንዲት ጠብታ ወለሉ ላይ ካለች ትንሽ ቀዳዳ እስክትገባ ድረስ አዩዋት። ከዚያ ቀን ወዲህ «ጥሩ» ይላት ጀመር።

መተማ ሲመለስ መጀመሪያ የሄደው ቤቱ ወደሚሠራበት ነው። ግንበኛው ምንይችል ጎጃሜ ነው፤ ለሰሊጥ አረም ወርዶ ሙያው ቆላ ላይ ያስቀረው።

«ልስን የለም» አለው ሙሐመድጣሂር። «መካከሉም ላይ ጣራ የለም።»

ምንይችል የልስን ማንኪያውን አስቀመጠ። «ሐጂ፣ እኔ ስም አለኝ።»

«ስምህን ማን ነካው?»

«ቤቱን ያየ ሁሉ ምንይችል ልስን አይችልም ሊል ነው።»

«እኔ እነግራቸዋለሁ።»

«እርስዎ ጃፓን ሄደው የመጡ ሰው ነዎት፤ ማን ያምንዎታል?»

ሆኖም ጀመሩ። ጃፓን ላይ እንደ ሐር የነበረው ኮንክሪት መተማ ላይ እንቢ አለ። ካሳፎርማው፣ ማለት ኮንክሪቱ የሚፈስበት የጣውላ ሳጥን፣ ሲፈታ ግድግዳው እንደ አሮጌ ስፖንጅ ቀዳዳ በቀዳዳ ሆኖ፣ ጠጠሩን ገልጦ ብቅ አለ። አፈረሱት። ደግመው አፈሰሱ። ሁለተኛው ጎበጠ። ሙቀቱ ውኃውን ከሲሚንቶው ይነጥቃል ብሎ ምንይችል ጎሕ ሲቀድ መሥራት ጀመረ፤ እርጥብ ጆንያም አለበሰው። አንዱ ግድግዳ፣ የሳሎኑ፣ አማረ። ሙሐመድጣሂር በመዳፉ ሲያሻሸው ዋለ። ሌሎቹ እንደ ወጡ ቀሩ።

ሐሚዳ ቤቱን ልታይ የመጣችው ሠራተኞቹ ዕቃቸውን ሲሰበስቡ ነው። እሷ በልቧ የያዘችው ቤት ሰማያዊ መስታወት፣ ክብ ዓምድና ሮዝ ቀለም ነበረው። ዞር ዞር ብላ አየችና መካከሉ ላይ ቆማ ወደ ሰማይ ቀና አለች።

«የሰፍዋን አባት» አለችው በልጃቸው ስም፤ «የቀረው መቼ ያልቃል?»

«አልቋል።»

ሐሚዳ ወደ ባሏ ጠጋ አለች። ከዚያ ግንባሩን በእጇ ዳሰሰች፤ ትኩሳት የለውም።

ወሬው ከተማውን ለመዞር ጊዜ አልፈጀበትም። ከድንበሩ ማዶ የተነሣው ጦርነት ንግዱን ስለጎዳው ሰው ሁሉ ምክንያቱን በራሱ አገኘው፤ ሙሐመድጣሂር ከስሯል። የጎረቤቱ ባለሱቅ ሐሚድ ሁለት ሽማግሌ አስከትሎ መጣ።

«ሐጂ፣ ንግድ ነው። ዛሬ ይወድቃል፣ ነገ ይነሣል።»

«ምን ወደቀ?»

ሐሚድ ግድግዳውን አየ። «ምንም» አለ በትሕትና። በማግስቱ አንድ ባጃጅ ሙሉ ሲሚንቶ ላከለት። ሙሐመድጣሂር መለሰው። ሐሚድም ክብሩን የሚጠብቅ ሰው ነው ብሎ ይበልጥ አዘነለት። የቅዱስ ዮሐንስ ቄስ ሳይቀሩ መጥተው «እግዚአብሔር ያስችልዎ» አሉት። ሁሉም ሰው ደግ ነበር። ሙሐመድጣሂር በዕድሜው እንዲህ የተዋረደበት ጊዜ የለም።

ሐሚዳን የገደላት ይኸው ደግነት ነው። ሰርግ ቤት ሴቶቹ ከሁሉ አስቀድመው ሥጋ ያነሡላት ጀመር። «እህቴ ሳቢራ ዘንድ ልሰንብት» ብላ ሻንጣዋን ይዛ ገለጉ ወረደች። እንደ ፊቱ ቢሆን ኖሮ የምትመለስበትን ቀን ትናገር ነበር።

ሙሐመድጣሂር አዲሱ ቤት ብቻውን ገባ። መጋቢት ሲመጣ ከተማው ነደደ። ቆርቆሮ ለባሹ ቤት ሁሉ እንደ ምድጃ ሲሆን በእሱ ቤት ግን አየሩ ከመካከሉ ወርዶ በክፍሎቹ ያልፋል። ይህን የሚያወራለት ሰው አልነበረም። ስልኩን አንሥቶ ኮኪት ደወለ።

ጥሩአየሁ በጭነት መኪና መጣች። ደጁ ላይ ጫማዋን አወለቀች፤ ማንም አላዘዛትም። በየግድግዳው ዞረች።

«ይሄ ሐር አይደለም» አለች።

«አውቃለሁ።»

«ፈንጣጣ የያዘው ፊት ነው የሚመስል።»

«አውቃለሁ፣ ጥሩ።»

«ይቺ የሳሎኗ ግን ደኅና ናት።» ከዚያ መካከሉ ላይ መሬት ቁጭ አለች። ሻይ ቀረበላት፤ ረሳችው። ጥላው ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው ሲሻገር አየች። ሙሐመድጣሂር እንደ ተማሪ ቆሞ ጠበቀ። ብዙ ቆይታ «ሰማዩ ልክ ነው» አለች፤ ተነሥታም ጫማዋን አደረገች። ለእሱ ይህ ከበቂ በላይ ነበር። ሸኝቷት ሲመለስ አላለቀሰም፤ ብቻ ሳሎን ገብቶ ጥቂት ተቀመጠ።

ሰኔ ላይ የመጀመሪያው ዝናብ ጣለ። የቆላ ዝናብ አያካፋም፤ ይደፋል። ምንይችል የተወው የውኃ መውረጃ ጠባብ ሆኖ መካከሉ እስከ ጉልበት ሞላ፣ ማድ ቤት ገባ፣ አንድ ጀሪካን ተንሳፍፎ መኝታ ቤት ደረሰ። ሙሐመድጣሂር ሱሪውን ጠቅልሎ ምንይችልን ጠራው። ሁለቱ በዶማ ወለሉን ሰብረው ወደ መንገዱ የሚወጣ ሰፊ ቦይ ከፈቱ።

«ጃፓኖቹ ይሄን አላሳዩዎትም?» አለ ምንይችል።

«ያየነው ካፊያ ነው።»

ክረምቱ ሲገባ የገለጉ መንገድ ጭቃ ይሆንና ይዘጋል። ሐሚዳ ወይ በመጨረሻው መኪና መምጣት አለባት፣ ወይ እስከ ጥቅምት መክረም። ሳቢራ መልካም እህት ናት፤ ቤቷ ግን ቆርቆሮ ለባሽ ነው፣ ልጆቿም ብዙ ናቸው። ሐሚዳ በመጨረሻው መኪና መጣች። ከእህል ጆንያ በላይ ተቀምጣ፣ ቀሚሷ ጭቃ በጭቃ ሆኖ፣ ደጁ ላይ ወረደች። አልገባችም።

«በመንገድ በኩል ያለው ይለሰን» አለች።

«የሰፍዋን እናት፣ ቤቱ እኮ የሚያምረው...»

«የመንገዱ በኩል ይለሰን፣ ሮዝ ይቀባ። ውስጡ ያንተ ነው፤ ውጭው የኔ ነው። ሰው የሚያየው እኔን ነው።»

ሙሐመድጣሂር አሰበ። ሞሪታ ቢሰማ ምን እንደሚል ገመተ። ሞሪታ ግን ሐሚዳን አያውቃትም።

«ዓምድ አይጨመርም» አለ።

«ኸላስ» አለች፤ ተስማማን ማለቷ ነው። ገባች።

ምንይችል ለስኖ የማያውቀውን ልስን ለሰነ። ከተማው እፎይ አለ፤ ሐጂ አንሠራራ ተባለ። ሐሚድ እንኳን ደስ ያለህ ብሎ ሲመጣ በሩን አልፎ አልገባም ነበርና፣ ውስጡ እንዳለ መቅረቱን ከተማው አላወቀም።

ዝናቡ ያባራ ቀን ሙሐመድጣሂር ከሱቅ ሲመለስ መካከሉ ላይ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ገመድ ተወጥሮ አገኘ፤ ባማረው የሳሎኑ ግድግዳ ላይ የቀሩት የጣውላ ማሰሪያ ቀዳዳዎች ለሐሚዳ ምስማር ተመችተዋል። አንሶላ፣ የእሱ ጀላቢያ፣ የሐሚዳ ቀሚሶች በሰማዩ ላይ ተሰጥተዋል። ደጁ ላይ ቆሞ ቀረ። እንዲህ ያለ ነገር ጃፓን አላየም።

«ቶሎ ያደርቃል» አለች ሐሚዳ ከማድ ቤት። «ንፋሱ ጥሩ ነው።»

ስለ ቤቱ መልካም ቃል ስትናገር ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ሙሐመድጣሂር ጀላቢያውን ወደ ጎን ገፋ አድርጎ፣ ጎንበስ ብሎ አለፈ።